የቫይዶታስ ጉልበት

በየካቲት ስምንት፣ በየዓመቱ፣ ሲመሽ፣
በረዶው ደጅ ወድቆ፣ ተረግጦ ሲቆሽሽ፣
ፓኔቬዢስ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ ከዚያች ጠባብ ቢራ ቤት፣
አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ አምስት ነበርን በፊት።
ጥቁር ዳቦ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይት የተጠበሰ፣
አንድ ብርጭቆ ለጊንታውታስ፣ አፈር ለለበሰ፣
ከዚያ ያው ክርክር፣ በሃያ ሁለት ዓመት ያልተጨረሰ፦
ያን ማታ ቫይዶታስ ስንት ኳስ ከአየር መለሰ?

“ሰባት!” ይላል ሪማንታስ፣ ጠረጴዛውን መትቶ።
“ስምንት!” እላለሁ እኔ፤ “አንዱን በጣቱ ጫፍ ነው፣ ዳኛው አላየም ከቶ።”
ብሮኔ ጆሮዋ ደክሟል፤ ለሁለታችንም “ልክ ነህ” ትላለች።
ዳኑቴ ግን ዝም። ያኔ ከሜዳው ዳር ነጥብ መዝጋቢ ነበረች።
ደብተሩ ዛሬም አላት፤ አውጥታ አታሳየንም፤
“ካሳየኋችሁማ ለከርሞ መምጫ አይኖራችሁም።”

ስልሳ ሦስት ጨዋታ። ሁለት ክረምት ተኩል። ይኸው ነው ሀብቱ።
ከስኳር ፋብሪካው ሰፈር መጣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
እጅጌው ከክንዱ አጥሮ፣
ለየበሩ መቃን እጅ ነስቶ፣ አጎንብሶ፣ አፍሮ።
ሳቅንበት። “ለቁመትማ” አለ ሪማንታስ፣ “የስልክ እንጨትም አለ!”
ከዚያ ኳሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ልጁም ተከተለ።
ተከትሎም ቆየ እዚያው፤ ደረጃ ሲወጣ መሀል
የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፤ ምዬ እናገራለሁ፣ አየር ላይ ይቆማል።

የመሀል ተጫዋች ይባላል ሥራው፤
ለእኛ ግን ሌላ ነው።
ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ግማሹ ሰፈር ወደ አየርላንድ ሲበተን፣
ማታ ማታ ከአንድ ጣሪያ ሥር እሱ ነው የሰበሰበን።

ሦስተኛው ሩብ ነበር፤ አራት ደቂቃ ሲቀር።
ማንም አልነካውም። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁር፤
ባላንጣ ጥሎት ቢሆን የምንረግመው ስም ይኖረን ነበር።
ብቻውን ዘለለ፣ ብቻውን ወረደ፤
ከአዳራሹ ጩኸት ሥር ትንሽ ድምፅ ሄደ፣
ደረቅ፣ እርሳስ እንደሚሰበር።
ዳኑቴ እርሳሷን አየች። ደህና ነበር።

ጉልበተኛ ያልነው ልጅ፣ ጉልበት አልቆመለትም።
“ጉልበት ለጊዜው ነው” ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ጊዜው ግን
ይኼን ያህል ያጥራል አላልሁም።
ሪጋ ላይ ቀደዱት፣ ሙኒክ ላይ ሰፉት፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤
እሱ ሲሮጥ እኛ አነከስን፤ እሱ ሲቆም ነው ሰው የተነፈሰ።
በሁለተኛው ስድስት ደቂቃ። ከዚያ ፎጣውን በራሱ ላይ ጣለ፤
ያን ፎጣ ሲያነሳ ማን አየ? እኔ አላየሁም፤ አየሁ የሚልም የለ።

የ“ቢሆን ኖሮ” ዋንጫ ሞልቶናል፤
እሱ መቼም አቧራ አይጠጣ፣ ሪማንታስ በየዓመቱ ይወለውለዋል።

አሁን የትምህርት ቤቶች ማሞቂያ ይጠግናል። አንድ ሕንፃ ነን።
ጎመን ሲገዛ እናየዋለን፤ ስለ ኳስ ጠይቀነው አናውቅም፣ ፈርተን።
ባለፈው ኅዳር የደረጃው አምፖል ተቃጠለ፤
ከዳኑቴ ጋር በጨለማው “መሰላል ማን ጋ አለ?”
ስንባባል ከአራተኛ ፎቅ ወረደ፣ አንድ በአንድ፣
ብረቱን ይዞ፣ ቀኙን እያስቀደመ፣ እንደ ሽማግሌ በቀስታ ሲራመድ።
ምንም አላለም። ከእጄ አዲሱን አምፖል ወሰደ።
አልዘለለም። ክንዱን ብቻ ወደ ላይ ሰደደ።
እኛም እንደ ያኔው አንገታችን ተሰብሮ፣ አፋችን ተከፍቶ፣
ማንም ሳያጨበጭብ፣
ብርሃኑ መጣ ፊቱን ገልጦ።

“ርካሽ ዕቃ ነው” አለ፣ መዳፉን በሱሪው ጠርጎ፤ “ብዙም አይቆይ።”
“ግድ የለም” አለች ዳኑቴ፤ “እስከበራ እንይ።”

ያን ማታ በግድግዳው በኩል እርሳስ ስትቀርጽ ሰማሁ።
ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅሁ።